ያለ እልልታ ሙሽራ አይገባም

«ኡስታዝ ዋጊህ ሊያገባ ነው!»

ኡም ሂላል ይህን ለወተት ሻጩ ነገረችው። ለልብስ ተኳሹ ነገረችው። ቅርጫቷን በገመድ ከበረንዳዋ ቁልቁል ሰድዳ፣ ከታች ቲማቲም ለሚመርጥላት ነጋዴ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ነገረችው። በማግስቱ ያንኑ ወሬ ማንም እንዳልሰማው ቆጥራ እንደ አዲስ ጀመረችው። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የወለቀውን የፊት ጥርሴን ቦታ በምላሴ ስነካካ አገኘችኝና ጎንበስ አለች።

«ሹሩቅ፣ ሰማሽ? ኡስታዝ ዋጊህ ሊያገባ ነው።»

«ማንን?»

«እሱን አላህ ያውቃል። ብቻ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ለማንም እንዳትነግሪ የተባልኩት ነገር እኔ ሆድ ውስጥ አድሮ አያውቅም። ኡም ሂላል ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ለምሳ ከመቀመጣችን በፊት የዳቦ ሰልፉን በሙሉ አዳርሼው ነበር።

ኡስታዝ ዋጊህ የሕንፃችን አስተዳዳሪ ነበር። እኛ እስክንድርያ ውስጥ ኡስታዝ ለመባል መማር አያስፈልግም፤ ክራባት ይበቃል። እሱ ክራባቱን በሐምሌ ሙቀት እንኳ አያወልቅም። የሕንፃው ባለቤት ካይሮ የምትኖር ሐጃ ዱሪያ የምትባል ሴት ናት፤ በዓይኑ ያያት ተከራይ ግን አልነበረም። የምናውቃት በእሱ አፍ ነው። «ሐጃ ዱሪያ ጣሪያ ላይ ልብስ እንዳይሰጣ ብላለች።» «ሐጃ ዱሪያ ልጆች ደረጃው ላይ እንዳይጫወቱ ብላለች።» እኔማ ከፕሬዚዳንቱ ቀጥላ ያለችው እሷ ትመስለኝ ነበር።

በወገቡ ትልቅ የቁልፍ ቀለበት ያንጠለጥላል። የየቤታችን በር ሁለተኛ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው። «ቧንቧ ቢፈነዳስ? ጋዝ ቢያፈተልክስ? ማን ይደርስላችኋል?» ይላል። ሲራመድ ቁልፎቹ እንደ ጋሪ ፈረስ ቃጭል ይንጫጫሉ፤ ያን ድምፅ እወደው ነበር። ከታች ሲሰማኝ ልቀበለው እሮጣለሁ። እናቴ ግን ድምፁን ስትሰማ እጇ በያዘችው ነገር ላይ ይደርቃል፤ ቢላዋም ቢሆን፣ መርፌም ቢሆን፣ የእኔ ጸጉርም ቢሆን።

የሙሽራዋን ማንነት ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ሳፊናዝ ናታ! ሌላ ማን ልትሆን ትችላለች? ሳፊናዝ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር ነርስ ነበረች፤ ጸጉሯ እስከ ወገቧ ይወርዳል፣ እጇ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ኡስታዝ ዋጊህ ከሕንፃው ቧንቧ ሁሉ የእሷን ያስበልጣል። ቤት ሳትኖር ገብቶ ያየዋል። የሌሊት ሥራ አድራ ቀን ተኝታ ሳለች ገብቶ ያየዋል።

«የማያንጠባጥብ ቧንቧ ነው እኮ!» ብላ ለእናቴ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። «ዓይኔን ስገልጥ በሩ ላይ ቆሟል።»

ሙሽራ እንደምታለቅስ ማን ያጣዋል? የአክስቴ ልጅ ስትዳር ሳምንቱን ሙሉ አልቅሳ ኩሏ አገጯ ደርሶ ነበር።

ወሬውን ከሰማሁ በኋላ ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ሳፊናዝ ፍራሿን ተሸክማ ወደ እኛ ቤት የወረደችው፣ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ብቻዋን ስለማትተኛ ነው፤ ጂን ይቀናባታል። እናቴ ከባዱን የእንጨት ወንበር ከበሩ ጀርባ የምትደግፈው፣ ሳሎኑን ለእንግዳ እያሰፋች ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ደግሞ፣ አጫሽ በሌለበት ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ የሻይ ሳህን ላይ የሲጋራ ቁራጭ እየጨሰ አገኘን። ሙሽራው እንግዶቹን የት እንደሚያስቀምጥ ሊያይ መጥቶ ነበር ማለት ነው! እናቴ ሳህኑን አጠበችው። ደግማ አጠበችው። ከዚያ አውጥታ ጣለችው። ጥሩ ሳህን ነበር፤ ተናደድኩ።

ዛሬ ነው ያ የሲጋራ ቁራጭ የሚታየኝ። ሰውዬው ምንም አልነካም፣ ምንም አልወሰደም። ከፍቶ ገባ፣ አባቴ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ አጨሰ፣ ሄደ። «በፈለግሁ ጊዜ እገባለሁ» ለማለት አፍ አያስፈልግም።

ግራ ያጋባኝ ዘነዘናው ብቻ ነበር። እናቴ የነሐሱን ዘነዘና ከሙቀጫው ለይታ ከትራሷ ሥር አደረገችው። እኛ ጋ ሙቀጫና ዘነዘና የሚንኳኳው ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ በሕፃኑ ጆሮ ሥር ነው።

«እማ፣ ገና ሳይጋቡ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዘነዘናውን።»

እናቴና ሳፊናዝ ተያዩ። ሳፊናዝ ቀድማ ፈነዳች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፍራሹ ላይ ተንከባላ ሳቀች። እናቴም አፏን በትራስ አፍና ተከተለቻት። እኔም በምን እንደሚሳቅ ሳላውቅ ከሁለቱም በላይ ሳቅኩ።

ወሬው ከመጀመሩ ጥቂት ቀን በፊትም እናቴ መሐረቧን አጥብቃ አስራ፣ ሳፊናዝንና ኡም ሂላልን አስከትላ፣ እኔን በእጇ ይዛ አንድ ቢሮ ወስዳን ነበር። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ የተቀባ፣ ሻይና ላብ የሚሸት ቢሮ። አንድ ባለማዕረግ ሰውዬ ብርጭቆውን እያማሰለ ተቀምጧል።

«ምን ጠፋባችሁ?» አለ።

«የጠፋብን ነገር የለም» አለች እናቴ።

«ደበደባችሁ?»

«አልደበደበንም።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«በራችንን በቁልፍ እየከፈተ ይገባል ብለው ይጻፉ።»

«አስተዳዳሪው አይደል እንዴ? ቁልፍ ያለው ሰው በቁልፉ ገባ ብዬ ልጻፍ?» ስኳሩን ደግሞ አማሰለ። «ባልሽ የት ነው?»

«ሊቢያ። ወለል አንጣፊ ነው።»

«አንቺስ ልጅት? አባት የለሽም? ወንድም?»

ሳፊናዝ አንገቷን ደፋች።

«ወንድ ይዛችሁ ኑ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ወንድ አይጻፍም።»

«ወንድ ቢኖረንማ አንተ ጋ ምን እንሠራ ነበር!» አለች ኡም ሂላል ከኋላ። እናቴ እየጎተተች አስወጣቻት።

ይህ የጋብቻ ጽሕፈት ቤት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሙሽራ ያለ አባቷ ወይ ያለ ወንድሟ እንደማትፈርም እኔ እንኳ አውቃለሁ። ምስኪን ሳፊናዝ፣ በአባቷ መሞት ሠርጓ ሊጓተት ነው ብዬ አዘንኩላት።

እልልታው የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀን ነበር፣ እናቴ የሙሉኪያ ቅጠል ለወጥ ትከትፋለች። ከታች ቁልፎቹ ተንጫጩ። ወዲያው አንደኛ ፎቅ ላይ ኡም ሂላል በሯን በርግዳ «እልልልልል!» ስትል ሕንፃው ተነቃነቀ። እናቴ፣ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አልፎ የማያውቀው እናቴ፣ ቢላዋውን ወርውራ በሩን ከፈተችና መለሰችላት። ሳፊናዝ ከኋላዋ። ከዚያ አምስተኛ ፎቅ ያሉት መበለት፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናትና ልጅ፣ ምኑንም ሳያውቁ አቀለጡት።

ሰፈራችን እንዲህ ነው። እልልታ የሰማች ሴት የማን ደስታ ነው ብላ አትጠይቅም፤ መጀመሪያ ትመልሳለች፣ ቀጥላ በሯን ከፍታ ትወጣለች፣ ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ ነው። እልልታ ሰምታ በሯን የዘጋች ሴት ምቀኛ ትባላለች፤ ምቀኛ ከመባል ደግሞ ሌባ መባል ይቀላል።

ኡስታዝ ዋጊህ ደረጃው መሐል አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ከላይም ከታችም ሴቶች የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቁልቁልና ሽቅብ ያዩታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ኡስታዝ!»

«በምን?»

«አንተው ታውቃለህ!»

«እኔ የውሃ ቆጣሪ ላነብ ነው የመጣሁት።»

«አይ! ሙሽራ ደግሞ ቆጣሪ ያነባል?» አለች ኡም ሂላል። «ሂድ አርፈህ ተኛ፤ ፊትህ ይጥራ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ክራባቱን አስተካክሎ ወረደ። አቤት፣ ዓይን አፋር ሙሽራ! አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። እኔም የምሰማው እልልታ አልበቃኝ ብሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እለማመድ ጀመር። ጥርሴ በወለቀበት በኩል አየሩ እያመለጠ ያፏጫል። ኡም ሂላል ሰምታኝ፦ «ከጉሮሮሽ አታውጪው፣ ከሆድሽ ነው። ምላስሽን ደግሞ እንደ ዓሣ ጅራት ምቺው!» ብላ አስተማረችኝ።

ካደግሁ በኋላ ነው ኡም ሂላል ለእናቴ ያለቻትን የሰማሁት። «ኢንሻራሕ» ብላ በስሟ ጠርታ መከረቻት፣ «ኡኡ ብትይ ሰዉ የባልና ሚስት ጠብ ነው ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። እልል ብትይ ግን ድስቱን እሳት ላይ ጥሎ ይመጣል።» የሠርጉን ወሬ የፈጠረችውም እሷው ናት፤ እልልታው ምክንያት እንዳያጣ። ሰፈሩ ሁሉ አፈኛ ይላት ነበር። አፏ ለእኛ የበር መቀርቀሪያ እንደሆነ ያወቀ አልነበረም።

ከዚያ ነዋ መጣ። ባሕሩ ሲቆጣና ወጀቡ ከተማውን ሲገርፍ ነዋ እንለዋለን። መንገዱ ወንዝ ሆነ፣ ሱቆች መዝጊያቸውን አወረዱ፣ ነጎድጓዱ መስኮቱን ያርገበግበዋል። ጥቂት ጋብ ሲል እናቴ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ለዳቦ ወጣች።

«ወንበሩን ደግፊው። ማንም ቢያንኳኳ አትክፈቺ፤ የእኔን ድምፅ ካልሰማሽ።»

ደገፍኩት። ሳፊናዝ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ፣ ለነጎድጓዱ ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ ጓዳ ተኝታለች። ዝናቡ እንደገና ወረደ። እናቴ ዳቦ ቤቱ ጥላ ሥር ቀረች።

ማንም አላንኳኳም። ቁልፍ ነው የገባው።

ቃጭል አልሰማሁም። ለምን እንዳልሰማሁ ሳስበው ዛሬም ጀርባዬን ይበርደኛል፤ ቁልፎቹን በጡጫው ጨብጧቸው ነበር። በሩ አንድ መዳፍ ያህል ተከፍቶ ከወንበሩ ጋር ተጋጨና ቆመ። የሽቶና የረጠበ ካፖርት ሽታ ገባ፤ ቀጥሎ ጣቶች ገቡ።

«ሹሩቅ፣ የኔ ቆንጆ፣ ወንበሩን አንሺው።»

«ኡስታዝ! መጣህ?» ዘለልኩ።

«እሽሽ። እናትሽ አለች?»

«ዳቦ ልትገዛ ሄዳለች።»

«ሳፊናዝስ?»

«ተኝታለች።»

«ጎሽ። በይ ቀስ አድርገሽ አንሺው፣ እንዳትቀሰቅሻት።»

ሁለት እጄን ወንበሩ ላይ አደረግሁ። ልቤ ከደስታ ብዛት ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሙሽራው መጣ! የምከፍትለትም እኔ ነኝ! ግን ወዲያው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ከበሮ የለ፣ አጃቢ የለ፣ በዝናብ ብቻውን፣ እንደ ድመት። እንዲህ ያለ ሠርግ የት ይታወቃል? ነገ ሰው ሲሰማ ምን ይላል? በሹሩቅ በኩል የገባው ሙሽራ በዝምታ ገባ ሊባል ነው?

«አይሆንም» አልኩት።

«ምኑ?»

«ሙሽራ ያለ እልልታ አይገባም።»

«ሹሩቅ! ወንበሩን አንሺ ብያለሁ!»

«ቆይ፣ አንዴ ብቻ!»

ወጥ ቤት ሮጥኩ። የሁሉም ፎቅ ወጥ ቤት መስኮት የሚከፈተው ወደ አንድ ጠባብ የአየር ጉድጓድ ነው፤ እዚያ ውስጥ ማንኪያ ቢወድቅ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። ባልዲ ገልብጬ ወጣሁበት፣ መስኮቱን በርግጄ አንገቴን አሰገግሁ፣ ከሆዴ አመጣሁት።

«እልልፍስስስልልል!»

አፏጨ። ዝናብ ብቻ መለሰልኝ። ምላሴን እንደ ዓሣ ጅራት መታሁት።

«እልልልልልል!»

ከታች ድስት ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ የኡም ሂላል እልልታ እንደ ሮኬት ወደ ላይ ተተኮሰ። ሦስተኛ ፎቅ ተቀበለ። አምስተኛ ፎቅ ተቀበለ። ከጎረቤቱ ሕንፃ ሳይቀር፣ የእኛ ሐጃ ዱሪያ ማን እንደሆነች እንኳ የማያውቁ ሴቶች ተቀበሉ። የአየር ጉድጓዱ ነጎድጓዱን ዋጠው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከበርኩበት ቀን የለም!

ስመለስ ጣቶቹ ከክፍተቱ ወጥተዋል። እሱ ግን አልሄደም፤ ቁልፉ ተነክሶበታል። በራችን በክረምት ያብጣል፤ ቁልፉን ወደ ላይ ካላነሡት አይወጣም፤ ያን የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። ቀለበቱን በሙሉ ከመዝጊያው ላይ አንጠልጥሎ ይታገላል። ጥሎት እንዳይሸሽ የሕንፃው ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው። ደረጃው ከላይም ከታችም በሴቶች ሞላ። ኡም ሂላል ባዶ እግሯን፣ በእጇ ጭልፋ ይዛ ከፊት ናት።

«የማን ደስታ ነው?» አሉ አምስተኛ ፎቅ ያሉት መበለት።

በበሩ ክፍተት አፌን አውጥቼ ጮህኩ። «የኡስታዝ ዋጊህ! ሳፊናዝን ሊወስድ መጣ! እንዳትቀሰቅሻት ብሎኛል!»

እልልታው ተቆረጠ። ሴቶቹ ቁልፉን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ከኋላዬ ስዞር ሳፊናዝ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ጸጉሯ ተፈትቷል፣ ዘነዘናው በሁለት እጇ ነው። እንዴት ያለች ሙሽራ! እናቴ ደግሞ በዝናብ የራሰ ዳቦ አናቷ ላይ ይዛ ከታች ደረሰች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ዳቦውን ለኡም ሂላል አስያዘች፣ ቁልፉን ወደ ላይ አንሥታ በአንድ እጇ መዘዘችው፣ ቀለበቱን ያዘች።

«ቧንቧ... ሐጃ ዱሪያ ደውላ በዝናቡ ምክንያት...» አለ ኡስታዝ ዋጊህ።

 ኡም ሂላል ጭልፋዋን ከፍ አደረገች።

«ሙሽራማ በዚህ ዝናብ ብቻውን አይሄድም! እናጅበዋለን እንጂ!»

ተጀመረ! ድስት ተመታ፣ ክዳን ከክዳን ተጋጨ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ከበሮ ወረደ። እሱን መሐል አስገብተው፣ ሊያመልጥ ወደ ግራ ሲል በጭብጨባ፣ ወደ ቀኝ ሲል በጭብጨባ፣ እየገፉ ሳይነኩት አወረዱት። ኡም ሂላል ግጥሙን እዚያው ፈጠረችው፦

«ወጣ ወጣ ሙሽራው ወጣ፣
ቁልፉን ይዞ የሰው ቤት መጣ!»

መንገዱ ላይ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ቡና ቤቱ ውስጥ የተጠለሉት ወንዶች ነገሩ ሳይገባቸው ወጥተው ያጨበጭባሉ። ልብስ ተኳሹ መተኮሻውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ «አልፍ መብሩክ ኡስታዝ! እንኳን ደስ ያለህ!» ይላል። የኡስታዝ ዋጊህ ክራባት ረጥቦ ሸሚዙ ላይ ተለጥፏል።

«እባካችሁ እህቶቼ፣ ሰው ያየናል...»

«ዛሬ እህት ሆንን?» አለችው ኡም ሂላል። «በል ፈገግ በል፤ ሠርግህ ነው!»

እናቴ ከሁሉ ፊት ቀለበቱን ከፍ አድርጋ ይዛ ትሄዳለች። እኔ ቀሚሷን ይዤ እልል እላለሁ፤ ማፏጨቴ እንኳ አላሳፈረኝም።

የቆምነው መንገዱ ጫፍ፣ አዝራርና ክር የምትሸጥ የሲት ከውሰር ሱቅ ፊት ነው። ሲት ከውሰር የኡስታዝ ዋጊህ የመጀመሪያ ሚስት ናት። የልክ መለኪያዋን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ወጣች። ወሬው ከደረሳት ሰንብቷል፤ ፊቷ ላይ ተጽፏል።

«ሲት ከውሰር፣ ሙሽራሽን አመጣንልሽ!» አለች ኡም ሂላል።

«ሙሽሪትስ የታለች?» አለች ሲት ከውሰር ቀስ ብላ።

ከበሮው ቆመ። እናቴ ወደ ፊት ወጣች፣ የእኛን ቁልፍ ከቀለበቱ ለይታ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ሙሽሪት ይቺውና። ልጄና አንዲት የተኛች ልጅ ብቻቸውን ያሉበት ቤት በር ላይ ተሰክታ አገኘኋት።»

ሲት ከውሰር ቁልፉን አየች። ከዚያ እሱን አየችው።

«ለቧንቧ ነው?»

«አዎ! ንገሪያቸው፣ ለቧን...»

«ዝም በል።»

ቀለበቱን ተቀበለች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያወለቀች «ይሄ የማን ነው?» ትላለች፤ ሴቶቹ እየቀረቡ ይወስዳሉ። እኔ ተደነቅሁ። ለሙሽራ ዘመዶች ወርቅ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ለሰፈሩ በሙሉ ቁልፍ የሚያድል ቸር ሙሽራ ግን አይቼ አላውቅም። ቀለበቱ ባዶ ሲሆን ባሏን «ግባና ልብስህን ቀይር፣ በስብሰሃል» አለችው። ሲገባ የሱቁን መዝጊያ ከላዩ ላይ ጓ አድርጋ አወረደችና ራሷ እኛ ጋ ዝናብ ላይ ቀረች።

«ልጅቷ ደህና ናት?» አለች እናቴን።

«ደህና ናት።»

ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። ደስታ ሲበዛ እንዲያ ያደርጋል አልኩ።

ያን ቀን ኡም ሂላል ለሠርግ የሚጠጣውን ቀይ ሽርባት በጥብጣ ደረጃው ላይ አደለች። ሴቶቹ በየደረጃው ተቀምጠው እየጠጡ፣ እያንዳንዷ የሆነውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ትተርካለች፤ እናቴ የኡስታዝ ዋጊህን አረማመድ አስመስላ ስትወርድ ሳፊናዝ ሽርባቱ በአፍንጫዋ ወጣ። እናቴ ሰው ማስመሰል እንደምትችል ያን ቀን አወቅሁ። በማግስቱ ቁልፍ ሠሪ መጥቶ ከላይ እስከ ታች የበር ቁልፍ ቀየረ።

ኡስታዝ ዋጊህ ከዚያ በኋላ ደረጃችንን አልረገጠም። በልብስ ተኳሹ በኩል ግን ቃል ላከ፦ ቁልፍ የቀየረ ተከራይ ሁሉ ውሉን አፍርሷል፤ ሐጃ ዱሪያ ታስወጣዋለች። ይኸው ቃል በየወሩ ይመጣ ነበር። ሳፊናዝ ቀድማ ሄደች፤ ፍራሿ መኪና ላይ ሲጫን ወደ ባሏ ቤት መሄዷ ነው ብዬ እልል አልኩላት። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ሙሽራ ናታ። እናቴ አባቴ እስኪመለስ በጥርሷ ነክሳ ቆየች። ከዚያ እኛም ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው አገሚ፣ እርጥበት ወደበላቸው ሁለት ክፍሎች ሄድን። ኡም ሂላል ብቻ «እኔን ሐጃ ዱሪያ ራሷ መጥታ በአንገቴ ትጎትተኝ!» ብላ ቀረች። ማንም አልመጣም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። የሕግ መጽሐፌን የገዛሁት ከእግረኛ መንገድ ላይ ነው፤ ሽፋን የለውም፣ ሕጉ ግን ሙሉ ነው። ዛሬ የአገሚ ሴቶች የኪራይ ውላቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እኔም ሳልለሳለስ እነግራቸዋለሁ። የተከራየሽው ቤት በር የአንቺ ነው። አስተዳዳሪ ያለ ፈቃድሽ አይገባም፤ ቧንቧው እውነት ቢፈነዳ እንኳ ያንኳኳል። ካስፈራሽ፣ እስኪነካሽ አትጠብቂ፤ ሄደሽ አስጽፊ። አልጽፍም ካለሽ ወንበር ስበሽ ተቀመጪ፤ ሻይህን ጨርስ በይው። በባለቤቱ ስም ሲመጣብሽም ውክልናህን አሳየኝ በይው፤ ውክልና ከሰጪው ጋር ይቀበራልና ሰጪው በሕይወት መኖሩን ጠይቂ።

ባለፈው ዓመት ያ ሕንፃ ሲፈርስ ላየው ሄድኩ። ኡም ሂላል ልጇ ጋ ገብታለች፣ ሳፊናዝ ኩዌት ናት፣ ኡስታዝ ዋጊህ አፈር ከለበሰ ቆይቷል። የአየር ጉድጓዱ ግድግዳ ብቻ ቆሞ፣ የየወጥ ቤቱ ቀለም በየፎቁ ይታያል። አጠገቤ አንዲት ጠና ያለች ሴት በመሐረብ አፍንጫዋን ከአቧራ ሸፍና ቆማለች።

«እዚህ ነበራችሁ?» አለችኝ።

«ሁለተኛ ፎቅ። ልጅ ሆኜ።»

«ወይ ጉድ! ሕንፃው የእናቴ ነበር። የሐጃ ዱሪያ ልጅ ነኝ።»

ሳላስበው ሳቅኩ። «እናትሽን በጣም ፈርተናት ነበር። ወጀቡ መንገዱን ያጥለቀለቀበትን ያን ክረምት ታስታውሺዋለሽ? ከዚያ በኋላ በየወሩ ልታስወጣን ነበር።»

«እናቴ?» አለች። መሐረቡን ከአፍንጫዋ አነሣችው። «ተሳስተሻል፣ የኔ እህት። እናቴ ያረፈችው እኮ ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ረመዳን ነው። ኡስታዝ ዋጊህ ካይሮ ድረስ መጥቶ፣ ቁርኣኑ ተቀርቶ እስኪያልቅ ከለቅሶው ድንኳን አልወጣም።»